ቅኝቱ በልቡና፦ ስለ ጊታር ተጫዋቾችና ስለ ሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ

በአገራችን የጊታር ተጫዋቾች ዘንድ ሲነገር የኖረ አንድ አባባል አለ። «ሙዚቃ ከልብ ይፈልቃል እንጂ ከወረቀት አይቀዳም» ይላል። ሲሰሙት ያስደስታል፤ የኪነ ጥበብን ክብር የሚያስጠብቅ፣ ለስሜትም የሚቆረቆር ይመስላል። ከፊል እውነትነት እንዳለውም አይካድም። ከፊል እውነት ግን እንደ ሙሉ እውነት ተቆጥሮ ሲነገር ከግልጽ ሐሰት የከፋ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል፤ ሐሰትን ሰው ይጠነቀቀዋልና። ተሰጥኦ የሞላቸው፣ ጣታቸው የፈጠነ፣ ነገር ግን በዚህ አባባል ተማምነው ከአንድ ደረጃ በላይ ሳይራመዱ የቀሩ ብዙ ወጣት ተጫዋቾችን አውቃለሁ። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝም የእነርሱ ጉዳይ ነው።

እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም፤ ሙያዬ ግጥምና ተውኔት መጻፍ ነው። ይሁን እንጂ የተውኔት ሰው ከሙዚቃ ጋር ያለው ዝምድና የጎረቤት ዝምድና አይደለም፤ የአንድ ቤት ሰዎች ዝምድና ነው። ጊታር መነካካት የጀመርኩት በዩኒቨርሲቲ ተማሪነቴ፣ በመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ጣት ላይ ዓይኔን ተክዬ ነበር። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ደግሞ ከአንድ የቀድሞ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ባልደረባ፣ በጡረታ ላይ ከሚገኙ አዛውንት ዘንድ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ንድፈ ሐሳብ መማር ጀመርኩ። ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ቆየሁበት። ከዚህ በታች የማቀርበው ሐሳብ ከእሳቸው ትምህርት፣ ከመድረክ ሥራና ከራሴ የግጥም ልምድ የተገኘ ነው።

ለመሆኑ የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ ስንል ምን ማለታችን ነው? ብዙዎች ኖታ ማንበብና መጻፍ ብቻ ይመስላቸዋል። ኖታ ግን ፊደል ነው፤ ፊደል ደግሞ ቋንቋ አይደለም። ንድፈ ሐሳብ ማለት በድምፆች መካከል ያለውን ግንኙነት ማወቅ ነው፤ ይኸውም አንዱ ድምፅ ከሌላው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የትኞቹ ድምፆች ተሰባስበው አንድ ቅኝት እንደሚያቆሙ፣ የትኛው ድምፅ የዜማው ማረፊያ እንደሆነ፣ በአንድነት ሲመቱ የትኞቹ እንደሚስማሙና የትኞቹ እንደሚጋጩ፣ ምቱ እንዴት እንደሚከፈል ማወቅ ነው። ይህ እውቀት በወረቀት ሊሰፍር ይችላል፤ በቃልም ሊተላለፍ ይችላል። አንድ የክራር ባለሙያ «ይህች ክር ትንሽ ትውረድ፤ አለዚያ አምባሰሉ አይወጣም» ሲል ንድፈ ሐሳብ እየተናገረ ነው።

እዚህ ላይ የክራርን ነገር ጠበቅ አድርገን እንያዝ፤ የጊታር ተጫዋቹን ችግር የሚገልጥልን እሱ ነውና።

«ቅኝት» የሚለው ቃል «ቃኘ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ባለ ክራሩ ከመጫወቱ በፊት መሣሪያውን ይቃኛል። ዛሬ ትዝታ ሊጫወት ከሆነ ክሮቹን ለትዝታ ያጠብቃቸዋል፣ ያላላቸዋል፤ ወደ ባቲ ሲሻገር እንደገና ይቃኛቸዋል። ስለዚህ ገና የመጀመሪያውን ዜማ ሳይመታ በፊት ከድምፆች ሁሉ መካከል አምስቱን መርጦ ሌሎቹን ከደጅ ትቷቸዋል። ከዚያ በኋላ ጣቱ ቢሳሳት እንኳ የሚያርፈው ከአምስቱ በአንዱ ላይ ነው። ቅኝቱ በመሣሪያው ውስጥ ስለተቀመጠ መሣሪያው ራሱ ይጠብቀዋል።

ጊታር ግን እንዲህ አይደለም። በአንገቱ ላይ የተተከሉት የብረት መስመሮች፣ ማለትም ፍሬቶቹ፣ እያንዳንዳቸው በግማሽ ድምፅ ይራራቃሉ። ከልቅ ክር ተነሥቶ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ሲደረስ የክሩ ርዝመት በእኩሌታ ይከፈልና ያው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይሰማል። የክሩ ርዝመት 65 ሴንቲ ሜትር ቢሆን አሥራ ሁለተኛው ፍሬት 32.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ይገኛል። በዚህ መካከል አሥራ ሁለቱም ድምፆች ያለ አድልዎ ተደርድረዋል። ጊታሩ ትዝታን ከአንቺ ሆዬ ለይቶ አያውቅም። ተጫዋቹ ባቲ ሲጫወት የአምባሰል ድምፅ ቢነካ መሣሪያው አይከለክለውም። እንግዲህ በክራር ላይ በክሮቹ ውስጥ የተቀመጠው ቅኝት በጊታር ላይ ሌላ ማደሪያ የለውም፤ በተጫዋቹ ልቡና ውስጥ መቀመጥ አለበት። እዚያ ከሌለ የትም የለም።

የጊታር ሌላው ጠባይ ደግሞ አለማወቅን መሸፈኑ ነው። በፒያኖ ላይ አንድ ድምፅ አንድ ቦታ ብቻ አለው። በጊታር ላይ ግን የቀጭኑ ክር ልቅ ድምፅ፣ ማለትም ሚ፣ በሁለተኛው ክር አምስተኛ ፍሬት፣ በሦስተኛው ዘጠነኛ፣ በአራተኛው አሥራ አራተኛ፣ በአምስተኛው አሥራ ዘጠነኛ ፍሬት ላይ ይገኛል። አንድ ድምፅ አምስት መኖሪያ አለው ማለት ነው። በዚህ ላይ የጣት ቅርፅ የሚባል ነገር አለ። አንድ ኮርድ ልቅ ክር በሌለበት ቅርፅ ከተያዘ፣ ያንኑ ቅርፅ ሳይለውጡ በአንገቱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች በማንሸራተት አሥራ ሁለት ኮርድ መምታት ይቻላል። የፒያኖ ተማሪ እያንዳንዱን ለብቻው ለማወቅ ይገደዳል፤ ጊታር ተጫዋቹ ግን የድምፆቹን ስም ሳያውቅ ሁሉንም ይመታቸዋል። ይህ የመሣሪያው ቸርነት ነው። ወጥመዱም ይኸው ነው። ዓመታት ያልፋሉ፤ ጣት ብዙ ቅርፅ ያከማቻል፤ ቅርፆቹ እርስ በርሳቸው በምን እንደሚዛመዱ ግን ሳይታወቅ ይቀራል።

በዚህ ጊዜ «ታዲያ ጃንጎ ራይንሃርትስ? ጂሚ ሄንድሪክስስ?» የሚል ተከራካሪ መነሣቱ አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጃንጎ እ.ኤ.አ. በ1928 በደረሰበት የእሳት አደጋ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ከጥቅም ውጭ ሆነውበት እንኳ በአውሮፓ የጃዝ ጊታር ታሪክ ከታላላቆቹ የሚመደብ ሥራ ትቷል፤ ኖታም አያነብም ነበር። ሄንድሪክስም እንዲሁ ኖታ አያነብም። ነገር ግን ኖታ አለማንበብና ንድፈ ሐሳብ አለማወቅ አንድ አይደሉም። የጃንጎን ጨዋታ ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው እያንዳንዱ ኮርድ ከምን ድምፆች እንደተሠራ፣ ወደየትስ እንደሚያመራ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው እንደሚጫወት ይረዳል። እውቀቱን ያገኘው ከጠረጴዛ ሳይሆን ከጆሮ ነው፤ ያገኘው ግን እውቀት ነው። ለጥቂቶች በጆሮ ብቻ የሚገለጠው ለብዙኃኑ በትምህርት ይገለጣል። የትምህርት ጥቅሙም ይኸው ነው፤ የጥቂቶች ዕድል የነበረውን ለብዙዎች ያዳርሳል። ከዚህም ሌላ፣ የጊታር ሊቃውንት ሁሉ ከንድፈ ሐሳብ የሸሹ አልነበሩም። ስፔናዊው ፈርናንዶ ሶር እ.ኤ.አ. በ1830 በፓሪስ ባሳተመው የጊታር መማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ለሐርመኒ እውቀት የሰጠው ቦታ ትልቅ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። አራቱን ዋና ዋና ቅኝቶቻችንን፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ በስም የማያውቅ የአገራችን ሙዚቀኛ አይገኝም። በጆሮም ይለያቸዋል። ነገር ግን በምን እንደሚለያዩ ቢጠየቅ ብዙው ዝም ይላል። አዛውንቱ መምህሬ በመጀመሪያው ሳምንት ያስተማሩኝ ይህንኑ ነበር።

ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለን ከዶ ተነሥተን ዶ ላይ ብናርፍ ትዝታ ሜጀር እናገኛለን። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ሳንለውጥ ማረፊያችንን ላ ላይ ብናደርግ፣ ማለትም ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ብንል፣ ባቲ ማይነር ሆኖ እናገኘዋለን። እንደገና ደግሞ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ብንል ትዝታ ማይነር ነው፤ በእነዚያው አምስት ድምፆች ከሚ ተነሥተን ሚ ላይ ብናርፍ፣ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ብንል፣ አምባሰል ይሆናል። ድምፆቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ቤቱ ነው። «ልጄ» አሉኝ መምህሬ፣ «አምስቱ ድምፆች የቤተሰቡ አባላት ናቸው። ቅኝቱን የሚወስነው የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ነው።» ለዓመታት በጆሮዬ ለይቼ የማውቃቸው፣ ነገር ግን የተለያየ አገር ሰዎች ይመስሉኝ የነበሩ ሁለት ቅኝቶች ያን ዕለት ዘመዳሞች ሆነው ተገኙ። ይህን ማወቄ ከአምባሰል ሐዘን ቅንጣት አልቀነሰብኝም። እንዲያውም ሐዘኑ ከየት እንደሚመጣ ስለታየኝ ከዚያ በኋላ በበለጠ ጥንቃቄ አዳምጠው ጀመር።

ነገሩ ከእውቀት ደስታ አልፎ የሥራ ጉዳይ የሚሆነው ኮርድ ላይ ሲደረስ ነው። ጊታር በባንድ ውስጥ ከሚሰጠው አገልግሎት ዋነኛው አጃቢነት ነው። አጃቢነት ደግሞ ሦስትና ከዚያ በላይ የሆኑ ድምፆችን በአንድነት መምታትን ይጠይቃል። ቅኝቶቻችን ግን በአምስት ድምፅ የቆሙ ስለሆኑ የአውሮፓው የኮርድ ሥርዓት የሚፈልጋቸውን ድምፆች ሁሉ አይሰጡም። በትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች ውስጥ የሚገኙት ሙሉ ሦስት ድምፅ ያላቸው የሜጀርና የማይነር ኮርዶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ዶ ሜጀርና ላ ማይነር። ከሚ በሚነሣው አምባሰል ውስጥም ሁለት ብቻ አሉ፤ ላ ማይነርና ፋ ሜጀር። በማረፊያው በሚ ላይ ግን አንድም አይሠራም። ሚ ማይነር ሶልን ይፈልጋል፤ ሚ ሜጀርም ከፍ ያለ ሶልን ይፈልጋል፤ በአምባሰሉ ውስጥ ደግሞ ሶል የሚባል ድምፅ በማንኛውም መልኩ የለም።

የዚህን ትርጉም እንመልከት። ሚ ማይነር ጀማሪ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚማረው፣ በሁለት ጣት የሚያዝ ቀላል ኮርድ ነው። ዘፋኙ በአምባሰል ዜማውን ጨርሶ ሚ ላይ ሲያርፍ፣ የጊታሩ ተጫዋች ጣቱ ስለለመደ ብቻ ሚ ማይነርን ይመታል። በዚያች ቅጽበት ከአምባሰል ውጭ የሆነ እንግዳ ድምፅ ከቤቱ መካከል ገብቶ ይቀመጣል። አድማጩ ምን እንደሆነ ባያውቅም አንድ ነገር እንደተበላሸ ይሰማዋል፤ «የዱሮው ይሻላል» ብሎም ያልፋል። የሚያውቅ ተጫዋች ግን መንገድ አያጣም። ሚንና ሲን ብቻ በአንድነት ሊመታ ይችላል፤ ሁለቱም የአምባሰል ናቸውና። ወይም ሶል በሚገባበት ቦታ ላን አስገብቶ ሚ፣ ላ፣ ሲ ሊል ይችላል። ወይም ኮርዱን ጨርሶ ትቶ ዜማውን በነጠላ ክር ይከተላል። በአንቺ ሆዬ ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል። ከሚ ቢነሣ ድምፆቹ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ዝቅ ያለ ሲና ከፍ ያለ ዶ ናቸው፤ ስለዚህ ሙሉው ሲ እንኳ በውስጡ ስለሌለ፣ በአምባሰል ያገለገለው የሚና የሲ ጥምረት እዚህ አያገለግልም።

እንግዲህ «ንድፈ ሐሳብ የፈረንጅ ነው፤ የአገራችንን ዜማ ያበላሻል» የሚሉ ወገኖች ነገሩን ገልብጠው ያዩት ይመስለኛል። ቅኝታችንን የሚያበላሸው የፈረንጅን ኮርድ ሳያውቁ መምታት ነው። በራሳችን ቅኝት ውስጥ የትኛው ኮርድ እንደሚገባና የትኛው እንደማይገባ ለመለየት የሚያስችለው እውቀት ጠባቂ እንጂ አጥፊ ሊሆን አይችልም። ጉዳዩም ቀላል አይደለም። የማይገባ ኮርድ አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት በየመድረኩና በየካሴቱ ሲደጋገም የአድማጩ ጆሮ ይለምደዋል፤ ተተኪው ትውልድም ትክክለኛው እሱ ይመስለዋል። ቅኝት በአዋጅ አይሻርም፤ በልማድ ይሸረሸራል።

ሐቀኛ ለመሆን ሌላውንም ወገን መናገር ይገባል። የጊታር ፍሬቶች በእኩል የተከፋፈሉ ግማሽ ድምፆችን ብቻ ይሰጣሉ። ባለ ክራሩና ባለ መሲንቆው ግን በጆሮ ስለሚቃኙ ድምፃቸው በሁለት ፍሬቶች መካከል ሊያርፍ ይችላል። ከላይ በዶ ሬ ሚ የዘረዘርኳቸው ቅኝቶች ወደ ፍሬቱ የተጠጉ ግምቶች እንጂ የክራሩ ትክክለኛ ገጽታ አይደሉም። ይህን ማወቅ ራሱ የንድፈ ሐሳብ አካል ነው። መሣሪያው የት ላይ እንደሚያንስ የተረዳ ተጫዋች ክሩን በጣቱ ገፋ አድርጎ ድምፁን ወደሚፈለገው ቦታ ያደርሰዋል። ያልተረዳ ግን ፍሬቱ የሰጠውን ተቀብሎ ይቀመጣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተውኔቴ በሚለማመድበት ጊዜ ያጋጠመን ነገር የዚህን ክርክር ተግባራዊ ገጽታ ስላሳየኝ ባጭሩ ላውሳው። በሁለተኛው ገቢር አንዲት እናት ወደ ስደት ለሄደ ልጇ የምታንጎራጉርበት ትዕይንት ነበር። ለዚህ የሚሆነውን ሙዚቃ ያዘጋጀው አንድ ወጣት ጊታር ተጫዋች ነው። ጣቱ ለስላሳ፣ ስሜቱ የጠለቀ፣ ትሑት ልጅ ነበር። ያወጣው ዜማ በትዝታ ማይነር ነበርና ሁላችንንም አስለቀሰን። ነገር ግን የእናቲቱን ገጸ ባሕርይ የያዘችው ተዋናይት ድምፅዋ ወፍራም ስለሆነ ዜማው አንድ ድምፅ ተኩል ያህል ዝቅ እንዲል ተፈለገ። ባለ መሲንቆው ክሩን ላላ አድርጎ በደቂቃ ውስጥ ተዘጋጀ። ወጣቱ ግን ጊታሩን ታቅፎ ዝም አለ። ዜማውን ያዘጋጀው ልቅ ክሮችን በመጠቀም ነበር፤ ካፖ ደግሞ ድምፅ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

«ምነው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ከዚህ ቦታ ካነሣሁት ይጠፋብኛል» አለኝ። «ዜማው በጣቴ ነው ያለው፤ ሌላ ቦታ አላውቀውም።»

«ታዲያ ለምን ንድፈ ሐሳቡን ጠጋ ብለህ አትማረውም?»

«እፈራለሁ ጋሼ። ከተማርኩት ስሜቴ የሚቀዘቅዝ ይመስለኛል። አሁን ሳላስበው ይመጣልኛል። ካሰብኩት ባይመጣስ?»

ይህ ፍርሃት የስንፍና ፍርሃት አልነበረም፤ ያለውን ብቸኛ ሀብት የሚጠብቅ ሰው ፍርሃት ነበር። ስለዚህም አልገሠጽኩትም። ነገር ግን ተዋናይቷ ከድምፅዋ በላይ እየጮኸች ሁለት ሳምንት ተለማመደች። በሦስተኛው ሳምንት ወጣቱ ታሞ ሆስፒታል ገባ። በእሱ ምትክ ሌላ ተጫዋች ስንጠራ በእጃችን የነበረው በእጅ ስልክ የተቀዳ፣ ግማሹ በመዶሻ ድምፅ የተሸፈነ ልምምድ ብቻ ነበር። የተጻፈ አንድ መስመር እንኳ አልነበረም። አዲሱ ተጫዋች ሌሊቱን ሲያዳምጥ አድሮ የቻለውን ያህል ሠራ፤ ተውኔቱም ሙዚቃው በግማሽ ጎድሎ ለሕዝብ ቀረበ። ወጣቱ ከወራት በኋላ ድኖ ሲመለስ ያንን ዜማ እንዲደግምልን ብንለምነው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ አስታወሰ። ቀሪው ዛሬ የትም የለም። የአንድ ሰው ጣት ታመመ፤ አንድ የኪነ ጥበብ ሥራም አብሮ ጠፋ። ጉዳዩን ከግለሰብ አውጥተን በአገር ደረጃ ብናስበው፣ በየምሽት ቤቱና በየኪነት ቡድኑ ስንት ዜማ እንዲህ እንደቀረ መገመት አያዳግትም።

ስለ ስሜት መቀዝቀዝ ግን ለወጣቱ መልስ መስጠት ይገባኛል። መልሱንም የማገኘው ከገዛ ሙያዬና ከአባቶቻችን የትምህርት ሥርዓት ነው።

የቅኔ ተማሪ ገና ሲጀምር ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል። ከዚያ በየደረጃው እያደገ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። የቤቱን ልክ፣ የግሡን እርባታ፣ የሰሙንና የወርቁን አገባብ በሥርዓት ይማራል። ይህ ሁሉ ሕግ ግን ቅኔን አልገደለም፤ እንዲያውም ተማሪው በየዕለቱ አዲስ ቅኔ እንዲቆጥር፣ የትናንቱን እንዳይደግም ይገደዳል። ሕጉ የፈጠራው ጠላት ቢሆን ኖሮ ቅኔ ቤት የፈጠራ ሳይሆን የመቃብር ቦታ በሆነ ነበር።

ዜማውም እንዲሁ ነው። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም እንደነበረ የሚነገርለት ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስት የዜማ ዓይነቶች እንዳስተማረ ትውፊታችን ያስረዳል። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክቶችን እንዳደራጁ ይነገራል። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት ከምልክቶቹ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። እንግዲህ ድምፅን በምልክት መጻፍ፣ ዜማን በዓይነት መክፈል፣ ይህንንም ለዓመታት በትዕግሥት መማር ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ደብተራው ምልክቱን ስላወቀ ዜማው ቀዘቀዘበት የሚል ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።

የዘመናዊው ሙዚቃችን ታሪክም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የነፋስ መሣሪያን ከነ ኖታው አስተዋወቁ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን የአገራችንን ቅኝቶች ለትልልቅ የቴአትር ቤት ኦርኬስትራዎች እያቀናበረ ሠራ። ሙላቱ አስታጥቄ በለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በቦስተን በርክሊ ተምሮ፣ አምስቱን ድምፆቻችንን ከጃዝ ሐርመኒ ጋር እንዴት ማኗኗር እንደሚቻል አሳየ፤ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለው አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1972 ወጣ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን የመሠረተው አሸናፊ ከበደ የአገር ቤቱን መሣሪያና የምዕራቡን ንድፈ ሐሳብ ጎን ለጎን ያጠና ምሁር ነበር። ከእነዚህ አንዳቸውም ስለተማሩ ኢትዮጵያዊው ቃና አልጠፋባቸውም። ያወቁትን ያህል ጠበቁት።

ለእኔ ለገጣሚው ደግሞ የተለየ ትርፍ የሰጠኝ የስልተ ምት ትምህርት ነው። በአማርኛ ግጥም የወል ቤት ስድስት ስድስት፣ ሰንጎ መገን አምስት አምስት ቀለም እንደሚቆጠር ከልጅነቴ አውቃለሁ። በሙዚቃም የጭክጭካ ምት በስድስት ይቆጠራል፤ ስድስቱ ደግሞ አንድ ጊዜ በሁለት ሦስቶች፣ አንድ ጊዜ በሦስት ሁለቶች ሊከፈል ይችላል። ዘፋኙ በአንዱ፣ ጊታሩ በሌላው ሲከፍል የሚፈጠረው መሳሳብ ነው አድማጩን ትከሻውን የሚያስነቀንቀው። ይህን የሚያውቅ ተጫዋች የግጥሙን ቃል ከምቱ ጋር ማስማማት ይችላል። ማስማማቱ ቀላል ነገር እንዳይመስለን። «አለ» ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ «ይኖራል፣ ይገኛል» ማለት ነው። «ዋና» ሲላላ በውኃ ላይ መንሳፈፍ፣ ሲጠብቅ አለቃና ቀዳሚ ነው። ሊጠብቅ የሚገባውን ፊደል በአጭር ምት፣ ሊላላ የሚገባውን በረዥም ምት ላይ የሚጥል አቀናባሪ የገጣሚውን ሐሳብ ሳያውቀው ይለውጥበታል። በዚህ ረገድ ግጥም ጸሐፊና ጊታር ተጫዋች አንድ ሰዋስው መማር ያለባቸው ጓደኛሞች ናቸው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ንድፈ ሐሳብ ከጆሮ ተለይቶ ከተሰጠ በእርግጥ ደረቅ ይሆናል፤ ወጣቱ የፈራው ቅዝቃዜም ይመጣል። መምህሬ አንድን ርቀት በሰሌዳ ከመጻፋቸው በፊት አሥር ጊዜ ያዜሙት ነበር፤ እኔም እንዳዜም ያደርጉኛል፤ ከዚያ በክራር፣ ቀጥሎ በጊታር፣ በመጨረሻ በወረቀት። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ጆሮ ያላወቀውን ዓይን ብቻ ካወቀው ትምህርቱ ከፈተና አያልፍም።

በየትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ የምትመሩ መምህራን፣ በየባህል ማእከሉ የኪነት ቡድን የምታደራጁ የሥራ ኃላፊዎች፣ ለአንድ ወጣት ጊታር ስትገዙለት ሥራው እዚያ ላይ አይቁም። በሳምንት ሁለት ሰዓት የአራቱን ቅኝቶች አሠራር የሚያስረዳ ሰው ፈልጉለት። ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ክራር፣ አንድ ጊታርና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃል። በየሰፈሩ በጡረታ ላይ ያሉ፣ ኖታና ቅኝት ጠንቅቀው የሚያውቁ የቀድሞ ኦርኬስትራ ባልደረቦች አሉ። እነሱ በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ይገባል። ለመድረክ የተዘጋጀ ዜማም፣ በኖታ ባይቻል እንኳ፣ ቅኝቱ፣ ማረፊያ ድምፁና ኮርዶቹ በአንድ ገጽ ተጽፈው ከተውኔቱ ጽሑፍ ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጡ። አንድ ገጽ ወረቀት ቢኖር ኖሮ የዚያች እናት እንጉርጉሮ ዛሬ በእጃችን በተገኘ ነበር።

ለተጫዋቹ ወንድሜ የምለው ግን ይህን ብቻ ነው። ክራሩን የያዘው አባትህ ቅኝቱን በክሩ ውስጥ ያስቀምጠው ስለነበር መሣሪያው ያስታውስለት ነበር። አንተ የያዝከው መሣሪያ አሥራ ሁለቱንም ድምፅ እኩል ይሰጥሃል እንጂ የትኛው የአንተ እንደሆነ አይነግርህም። መምረጡ የአንተ ፋንታ ነው። ለመምረጥ ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል።